«አንቀላፋ»፣ «አደፈጠ» ወይስ «አፈር ልሶ ተነሳ»? ስለ ባክቴሪያ ስፖር

የብራና ልጅ፦
በጤና ጽሑፎች ላይ ባክቴሪያ ክፉ ቀን ሲመጣበት «ያንቀላፋል» ይባላል። «ያደፍጣል» የሚሉም አሉ። ነገሩን በትክክል የሚይዘው የትኛው ነው? «አፈር ልሶ መነሳት»ስ ለዚህ ይሆናል?

ሥርወ ቃል፦
«አንቀላፋ» ሁለት ፊት አለው። እንቅልፍም ነው፣ በአክብሮት ሲነገር ሞትም ነው። «አሸለበ» እንዲሁ። «ባክቴሪያው አንቀላፋ» የሚለውን ያነበበ ሰው ሞተ ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። «አደፈጠ» ግን በሕይወት እያለ አጋጣሚ ለሚጠብቅ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ነብርም ሽፍታም ያደፍጣል። እኔ ወደ «አደፈጠ» አደላለሁ።

ማይክሮስኮፕ፦
መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ፤ ግራ መጋባቱ የሚመጣው ለሁለቱም አንድ ቃል ስለምንሰጥ ነው።

አንደኛው ስፖር ነው፤ ባክቴሪያው ክፉ ቀን ለማለፍ የሚሠራው ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ ማለት ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ምግብ ሲያልቅበት ዘረመሉን ሁለት ካደረገ በኋላ፣ እንደ ወትሮው ከመካከሉ ሳይሆን ከአንድ ጫፉ በኩል ግድግዳ ይሠራል። ትልቁ ክፍል ትንሹን ይውጠዋል፣ በወፍራም ግድግዳና በፕሮቲን ሽፋን ይጠቀልለዋል፣ በመጨረሻም ራሱ ፈርሶ ስፖሩን ይለቀዋል። ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ 8 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከአንድ ባክቴሪያ የሚወጣው አንድ ስፖር ነውና «በስፖር ተባዛ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

የስፖሩ እምብርት እጅግ ውሃ አነስ ነው። በውስጡ ዳይፒኮሊኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይከማቻል፤ ከስፖሩ ደረቅ ክብደት ከ5 እስከ 15 በመቶ ይሆናል። ዘረመሉንም ትናንሽ ፕሮቲኖች ለብጠው ይጠብቁታል። ሙቀትን፣ ድርቀትንና አልኮልን የሚቋቋመው በእነዚህ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል ስፖር ላይ የማይሠራው፣ በሳሙናና በውሃ አሽቶ ማስወገድ የሚሻለውም ለዚህ ነው። የተኛ ሰው ይተነፍሳል፤ ስፖር ግን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም። ስለዚህ «አንቀላፋ» ለስፖር አይበቃም።

ሁለተኛው ሽፋን የሌለው፣ እድገቱን ብቻ የገታ ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያ ተመራማሪው ጆሴፍ ቢገር በ1944 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊን ስታፊሎኮከስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን ገድሎ ጥቂቶች እንደሚተርፉ አሳይቷል። የተረፉት መድኃኒቱን መቋቋም የለመዱ አልነበሩም፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የሚያድገውን ነውና ማደጋቸውን ማቆማቸው አዳናቸው። «አንቀላፋ» ለእነዚህ ይስማማል፤ የሞት ትርጉሙ እንዳይገባ «እድገቱን ገትቶ አንቀላፋ» ማለት ይቻላል።

የብራና ልጅ፦
ስፖሩ ሲነቃስ ምን እንበል?

ማይክሮስኮፕ፦
«ነፍስ ዘራ» ከሁሉ ይሻላል። ስፖሩ ላይ ምግብን የሚለዩ ተቀባዮች አሉ፤ ለምሳሌ አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲያገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ያ የተከማቸ አሲድ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም ያኔውኑ ይጠፋል። ምግብ መምጣቱን ስለሚያውቅ «አደፈጠ» የሚለውም ከእውነት አይርቅም።

«አፈር ልሶ ተነሳ» ደግሞ ለአባሰንጋ ልክ ነው። የሞተው ከብት ሳይከፈት ከቆየ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ በብስባሹ ይሞታል። ቆዳው ሲገፈፍ ወይም ደሙ ሲፈስ ግን አየር ያገኛል፣ ስፖር ይሠራል፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በአባሰንጋ የሞተን ከብት አትክፈቱ የሚባለው ለዚህ ነው። ሣሩ አጥሮ ከመሬቱ ጋር የሚግጥ ከብት ስፖሩን ከአፈሩ ጋር ይውጠዋል፤ አፈሩን በእውነት የሚልሰው እሱ ነው።

ሥርወ ቃል፦
«አፈላ» እና «አመከነ»ስ? ብዙ ጽሑፍ «ዕቃውን አፍልቶ ማምከን» ይላል።

ማይክሮስኮፕ፦
ይህ ሊታረም ይገባል። ማፍላት ንቁውን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ስፖሩን አያመክንም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማምከን የሚባለው ለምሳሌ አውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክን መሣሪያ) ውስጥ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ቢያንስ 15 ደቂቃ ሲቆይ ነው፤ ሰዓቱም የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው አየሩ ሳይወጣ ክዳኑን መዝጋት ነው፤ መለኪያው ግፊቱን ያሳያል፣ ሙቀቱ ግን አይደርስም። ሁለተኛው በባሕር ጠለል የተጻፈን መመሪያ እንዳለ መከተል ነው። መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ሲያሳይ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የውጪው አየር ግፊት ስለሚያንስ 117 ገደማ ላይ ይቀራል። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፣ መሣሪያው ያን ያህል እንዲችል ተሠርቶ ከሆነ። ካልሆነ በመመሪያው መሠረት ጊዜውን ማርዘም ነው። መምከኑን ማረጋገጥ የሚፈልግ ደግሞ የጂኦባሲለስ ስቲሮተርሞፊለስ ስፖር ያለበትን መፈተሻ ከዕቃው ጋር ያስገባና በኋላ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ውስጥ ያቆየዋል። ካደገ ዕቃው አልመከነም።