2 ሲደመር 1 እንዴት 2 ይሆናል? ቶሎ መልሱልኝ!

የደሴዋ፦ ኧረ በአላህ ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት ፈተና ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪዬ 14 ፐርሰንት ነው። ደብተሬ 2 ሲደመር 1፣ መልሱ 2 ይላል። 1ዱ የት ገባ? በዚህ ብርድ ከሰል ታቅፌ ቁጭ ብያለሁ፣ ራሴን ሊፈነክተኝ ነው።

ሙሐ፦ የምን ሒሳብ ነው?

የደሴዋ፦ ኬሚስትሪ ነዋ! የውሃው ኢኩዌሽን፦ 2H₂ + O₂ → 2H₂O። 2 ሃይድሮጅን ከ1 ኦክስጅን ጋር 2 ውሃ ይሰጣል ይላል።

ቀጥታ፦ ባላንስ አድርጊው፣ ግራና ቀኙ እኩል ይሁን።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ነገሩ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ላቯዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ በዝግ ዕቃ ውስጥ እያቃጠለ ይመዝን ነበር። ክብደቱ አልተለወጠም። የዛሬ ልጆች ትሸመድዳላችሁ እንጂ፣ በእኛ ጊዜ...

ሙሐ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ባትሪ የላትም!

የኮምቦልቻው፦ እኛ ጋ ቢራ ፋብሪካው ውስጥ 1 ግሉኮስ ገብቶ 2 አልኮልና 2 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ቢዝነስ ማለት ይሄ ነው ሃሃሃ።

ሞጋች፦ ጥያቄሽ ራሱ ልክ አይደለም። መሃል ላይ ያለው ቀስት ነው። ይሄ ተለውጦ ያ ሆነ ማለት ነው እንጂ የሱቅ ሒሳብ አይደለም።

ቀጥታ፦ ባላንስ አድርጊው አልኩ እኮ።

የደሴዋ፦ ባላንስማ ተደርጓል! እሱ ነው ያልገባኝ።

ባለ ባጃጅ፦ አብሽሪ። ሃይድሮጅን ተሳፋሪ ነው በይ፣ ኦክስጅን ሹፌር። ሁለቱም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት። ፒያሳ ላይ 2 ጥንድ ተሳፋሪና 1 ጥንድ ሹፌር ተገናኙ። አንድ ባጃጅ 1 ሹፌርና 2 ተሳፋሪ ይይዛል። ስንት ባጃጅ ሞላ? 2። ሰውስ? መጀመሪያም 6፣ አሁንም 6። ፊት ያለው ቁጥር የሚቆጥረው ሞለኪውሉን ነው፣ ማለትም ጥንዱን ወይም ባጃጁን፤ አተሙን፣ ማለትም ነጠላውን ሰው አይደለም። ክብደቱም አይጠፋም፦ 4 ግራም ሃይድሮጅን ከ32 ግራም ኦክስጅን ጋር 36 ግራም ውሃ ይሰጣል። ግርጌ ያለችውን ትንሿን ቁጥር ግን (እንደ H₂O ላይዋ 2) እንዳትነኪ። ውሃው ላይ አንድ ኦክስጅን ብትጨምሪ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ፣ አይጠጣም።

እማማ፦ ቆይ፣ ከሰሉን በር ዘግተሽ ነው? ራስ ምታትሽ የፈተና ላይሆን ይችላል። አየር ሲያንስ 2 ካርቦን ከ1 ኦክስጅን ጋር 2 ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ማንደጃውን አሁኑኑ አውጪ፣ አንቺም ውጪና አየር ውሰጂ!

የደሴዋ፦ ወይኔ፣ ይሄም 2 እና 1፣ 2 ነው። አወጣሁት፣ ውጭ ነኝ። ባጃጁ ገብቶኛል መሰለኝ። ባትሪ 3።

ሙሐ፦ ፈተናው እንዴት ነበር?

ሙሐ፦ እህት ዓለም?

ጡረተኛው መምህር፦ ላቯዚዬ እኮ በ1794 አንገቱን ተቀላ። እሱን ሳልነግራችሁ።