ታናሽ ወንድሜን እንዴት ልርዳው?

ሰላም የደሴ ልጆች፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ታናሽ ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ጫት የጀመረው በፈተና ሰሞን «ለጥናት ያነቃኛል» ብሎ ነው፣ አሁን ግን ሳይቅም አይውልም፣ ሲጋራም ጨምሯል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሲጋራ መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ሆኖ ሳለ ማን እንደሚሸጥለት እንጃ። ሌሊት አይተኛም። እማዬ ስትጮህበት ጥሎ ይወጣል።

ባለፈው በራሱ ሦስት ቀን አቁሞ ነበር። ድብርት፣ ንጭንጭ፣ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ፣ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ሱስ ሲቆም እንዲህ እንደሚያደርግ ስለማውቅ አልተቆጣሁትም። ልጁ መጥፎ አይደለም ወላሂ።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ታዳጊዎችን የሚያናግር የሥነ ልቦና ባለሙያ የምታውቁ አላችሁ? ከጫት የወጣችሁስ፣ ቤተሰብ ምን ሲላችሁ ነው ጆሮ የሰጣችሁት?