የሐረማያ ሐይቅን ዳርቻ ለወፉም ለሰዉም እንዴት እናካፍለው?

የጀጎሉ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐረር ነው። ስምንት ጓደኛሞች ነን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረማያ ሐይቅ እየሄድን ወፍ እናያለን፣ ቆሻሻ እንለቅማለን። አሁን የአካባቢው ሰዎች «እስቲ ሐሳባችሁን ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። ከዳርቻው ከፊሉን ለወፎች መተው፣ ከፊሉን ለጎብኚ መክፈት ነው ነገሩ። ስናወራው ቀሎን ነበር፣ ልንጽፈው ስንቀመጥ ተጣላን። አንዱ ሙሉ በሙሉ ይታጠር ይላል፣ ሌላው ጀልባና ካፌ አምሮታል።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፊላው መሐል አንዲት ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ የውሃ ወፍ ጎጆዋ ላይ ተኝታለች። ሦስት ልጆች ሰልፊ ሊነሱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ። ወፏ ጎጆዋን ትታ ሸሸች። እነሱ ፎቶ ተነስተው፣ አይተው፣ ደግመው ተነስተው እስኪወጡ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ቀረ። ማዶ ደግሞ ሚኒባስ ይታጠባል፣ ፕላስቲኩና የጫት ገራባው የትም ነው። ከየት እንጀምር?

ወፍ ቆጣሪ
አጥሩን እርሱት። ይሄ ሐይቅ ዳሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በበጋ የተከላችሁት ችካል ክረምት ላይ ውሃ ውስጥ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ዙሩትና በእጅ ካርታ ሥሩ፦ ከብት የሚወርድበት፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ የውሃ ፓምፕ የተተከለበት። እነዚህ ቦታዎች ቀድሞም ሰው የለመዳቸው ናቸው፣ ጎብኚውንም እዚያው አውርዱት። ፊላና ቄጠማ የበዛበትን አትንኩ። አንድ መመልከቻ ከእንጨትና ከሰሌን ሥሩ፣ ሰው ቆሞ የሚያይበት ቀዳዳ ይኑረው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ከቁጥቋጦ ጀርባ ይሁን። ወፍ የሚደነግጠው ሰማይ ጀርባው ሆኖ ቀጥ ብሎ በሚሄድ ሰው ነው።

አንድ ወቅት መርጣችሁ ልትዘጉ ካሰባችሁ ደግሞ አይሠራም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ እዚህ ናቸው፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ዝናብ ተከትለው ይፈለፍላሉ። ስለዚህ ወቅት ሳይሆን ቦታ መርጣችሁ ዝጉ።

ፍሎሪዳ ያለሁ የሐረር ልጅ
እዚህ ሳኒቤል የሚሏት ደሴት ላይ «ዲንግ ዳርሊንግ» የሚባል የባሕር ዳር የዱር እንስሳት መጠለያ አለ። (ሰውዬው የጋዜጣ ካርቱን ሠዓሊ ነበር፣ ስሙን የሰጡት ለእሱ ነው።) ማንግሮቩ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) መሐል መኪና የሚነዳበት መንገድ አለው፣ አርብ አርብ ይዘጋል። ለምን? እንስሳቱ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፉ።

ሌላ ያስተዋልኩት፣ ወፍ ሊያይ የሚመጣ ሰው የባሕሩ ውሃ የሚሸሽበትን ሰዓት (ባሕር በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል) ጠብቆ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ወፎቹ ጭቃው ላይ ወጥተው ይለቅማሉ። እዚያ ጭቃ ማለት ማዕድ ነው። ስለዚህ የእናንተንም ጭቃ «እናስውበው» ብላችሁ ድንጋይ እንዳታለብሱት። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ መጠለያ የ15 ዓመት ዕቅድ እንዲኖረው ያዛል። መጀመሪያ እንስሳው፤ እሱን ካልጎዳ ደግሞ አደን፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ማየት፣ ፎቶ ማንሳትና ትምህርት ቅድሚያ ያገኛሉ። ካፌ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም 😄

የደቻቱ ልጅ
አቦ አርብን ተዉት! አርብ ከጁምዓ በኋላ ከድሬም ከሐረርም ሰው ወደ ሐይቁ ነው የሚወጣው። ሰኞን ዝጉ፣ ማንም አይቆጣም። ለገራባውና ለፕላስቲኩ ደግሞ መኪና የሚቆምበት ላይ በርሜል አኑሩ። ውሃው ዳር ካኖራችሁት ሰዉም እዚያው ይቀመጣል።

የገበሬ ልጅ
የሐረማያ ልጅ ነኝ። ስለ ወፉ ጥሩ አወራችሁ፣ ውሃውን ግን ዘለላችሁት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ይሄ ሐይቅ ደርቆ ነበር እኮ፣ ዛሬ ጀልባ የምትሉበት ላይ ኳስ ተጫውተናል። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተሳበ፣ ሐረር ከተማም ከዚሁ ትጠጣ ነበር፣ ከዳገቱ የሚወርደው አፈር ደግሞ ሆዱን ሞላው። ዕቅዳችሁ ላይ እርከንና የሣር መስመር ከሌለ መመልከቻችሁ አንድ ቀን ሜዳ ያያል። ደሾ ወይም ቬቲቨር ትከሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ዳሩ ላይ እንዳታስቡት፣ ውሃ ይጨርሳል።

ደግሞ ሽማግሌዎቹን ሳታናግሩ ሜትር ይዛችሁ እንዳትመጡ። እዚህ ሜትር የያዘ ሰው ከታየ «መሬታችን ሊወሰድ ነው» ነው የሚባለው። የከብት መውረጃውን አትዝጉ፣ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የጀጎሉ (ጠያቂ)
ኑሩልን። ካፌውን ሰርዘናል (አንዱ ጓደኛችን አኩርፏል)። ሰኞ ዝግ፣ አንድ መመልከቻ፣ የፊላው ወገን ለወፎቹ፣ መውረጃው እንዳለ። ከምንም በፊት ሽማግሌዎቹን እናያለን። ሚኒባስ አጣቢዎቹን ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸው?

የገበሬ ልጅ
አንደኛው የአክስቴ ልጅ ነው። ለእኔ ተዉት።