አሽሙሩ ስብከት ሆነብኝ፤ ምዕራፍ 7 ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የሚካሄድ ጨለም ያለ የአሽሙር ልቦለድ ምዕራፍ 7 ላይ ቆሞብኛል። ልጁ ከአባቱ የሚወርሰው ቤት አይደለም፤ የእድር ሊቀመንበርነት ነው። በመዝገብ 240 አባላት፣ የሚከፍሉት 61፣ እጀታቸው የወለቀ 4 ብረት ድስቶች፣ አንድ ማኅተም። ደህና የሆነው ማኅተሙ ብቻ ነው። ድንኳኑን ነፋስ ቀዶታል፤ ያው ነፋስ ከከተማው ዳር ያሉትን ተርባይኖች ያዞራል።

እስከ ምዕራፍ 6 ቀልዱን የተሸከመው መዝገቡ ነበር። የሟቾች መዋጮ «ውዝፍ» ተብሎ ይያዛል፤ በሕይወት ያሉት ቅጣት ፈርተው ቀብር ይመጡና ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ብለው በኋላ በኩል ሹልክ ይላሉ። ልጁ ጉባኤ ጠርቶ መናገር ሲጀምር ግን አንባቢ ራሱ ሊደርስበት የሚገባውን ሁሉ ያብራራል። አሽሙሩ እዚያ ይሞታል።

ንግግሩን ከ3 ገጽ ወደ 1 አሳጠርኩ፤ ያው ስብከት ነው። ለጡሩምባ ነፊው ሰጠሁት፤ ከልጁ በልጦ ታሪኩን ነጠቀው። የተሻለው ንግግሩን አውጥቶ ቃለ ጉባኤ ብቻ መተው ነው፦ «አጀንዳ 2፦ ድንኳኑ ስለተቀደደ ስለ ድንኳኑ የሚደረገው ውይይት በዝናብ ምክንያት ተበተነ።» ያስቃል፤ ግን የልጁ ፍርሃት ይጠፋል፣ ያለ ፍርሃቱ ደግሞ ውርሱ ሸክም አይመስልም።

ቃለ ጉባኤውን የሚይዘውን የእድሩን ጸሐፊ ደረቅ ቋንቋ ሳልለቅ ፍርሃቱን በምን ላሳይ? በስርዝ ድልዝ? በሚንቀጠቀጥ ፊርማ? ማኅተሙን ግን አታስጥፉኝ፣ ምዕራፍ 12 ላይ እፈልገዋለሁ።