ለአንድ ልጅ ብቻ የሚሆን ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የልዩ ፍላጎት መምህራን ካላችሁ እባካችሁ አንድ በሉኝ።

የማስተምረው የካ አባዶ አካባቢ፣ 2ኛ ክፍል ነው። ክፍሌ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ አለ። የግል የትምህርት ዕቅድ አውጣለት ተባልኩ። ቅጹን ሰጡኝ፤ አሞላሉን የሚያሳየኝ ግን ጠፋ።

ልጁ በራሱ መንገድ ጎበዝ ነው። ቆርኪ በቀለም ይለያል፣ እስከ አምስት ይቆጥራል። "በ"ን እና "ለ"ን ያውቃቸዋል። "ቡ" እና "ሉ" ሲመጡ ግን አዲስ ፊደል ይሆኑበታል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ይህን ሁሉ የዓመት ግብ ብዬ ብጽፈው ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ራሴን መሸወድ ነው።

ታዲያ ግቡን ምን ያህል ላሳንሰው? ለዚህ ሴሚስተር አምስት ፊደላት ከነካዕባቸው ብል ይበቃል? መለየቱንና ቃል ውስጥ ማንበቡን ለየብቻ ልመዝን? ወይስ ስሙን መጻፍና ብር መለየት ይቅደም? እናቱ "ስሙን ይጻፍልኝ፣ ሌላው ይደርሳል" ይላሉ። እኔም ወደ እሳቸው አደላለሁ።

ርዕሰ መምህሩ ግን እንደ ሌሎቹ ይፈተን ባይ ናቸው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ለተማሪው የሚስማማ ማመቻቸት ይደረግ እንደሚል ነግሬያቸዋለሁ። "ሮስተሩ (የተማሪዎች ውጤት መመዝገቢያው) ላይ ምን ልሙላ?" አሉኝ። እውነት ለመናገር መልስ አልነበረኝም።

የሞላችሁት ቅጽ ካለ የልጁን ስም ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። በተለይ የፈተናውንና የውጤቱን ነገር እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ።