እናትና አባቴን ከቼናይ ወደ የትኛው ደጋ ልውሰዳቸው?

የቼናይ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናትና አባቴ ለህክምና ከአዲስ አበባ ህንድ አገር፣ ቼናይ መጥተዋል። አባዬ የዓይን ቀዶ ህክምና አድርገዋል። ሙቀቱ ግን ሁለቱንም አድክሟቸዋል። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው፣ ጥር ላይ፣ ሦስት አራት ቀን ቀዝቀዝ ያለ ተራራማ ከተማ ላሳርፋቸው አስቤያለሁ። ሰው ሁሉ የሚለኝ ኡቲ የምትባለዋን የተራራ ከተማ ነው። እማዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ አይሆንላቸውም። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። ከፍታው ይከብዳቸው ይሆን? ባቡሩስ? የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መንገደኛው፦
ከፍታው አያስጨንቅህ። ኡቲ 2,240 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ትንሽ ትበልጣለች፣ ስለዚህ ለሳንባቸው አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው መንገዱ ነው። ዳገቱ እጥፋት በእጥፋት ነው፣ ጤነኛውንም ያስመልሳል። እማዬን ከፊት ወንበር አስቀምጣቸው፣ ሆዳቸውም በጣም አይሙላ። ሾፌሩንም «ቀስ» በለው፤ ካላልከው ይበራል።

ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ግን ኡቲ ላይ ውርጭ እስኪጥል ይቀዘቅዛል። ጋቢ ይዘው ከመጡ ጋቢያቸው እንዳይቀር።

ነርሷ፦
ከመንገዱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባትህ ቀዶ ህክምና የምን ነበር? የሞራ ግርዶሽ ብቻ ከሆነና ሐኪማቸው ከፈቀደ ችግር የለውም። ሬቲናቸው (የዓይን የውስጠኛው ጀርባ ሽፋን) ተሠርቶ ዓይናቸው ውስጥ ጋዝ ገብቶ ከሆነ ግን፣ ጋዙ እስኪጠፋ ተራራም አውሮፕላንም ክልክል ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዙም ይለጠጥና ዓይንን ከውስጥ ይገፋል። ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ቀልድ አይደለም፣ ዛሬውኑ ጠይቅ።

የእናትህ ክኒን የሚያሸና ዓይነት ከሆነ፣ እናቶቻችን መንገድ ሲኖር ደብቀው ይዘሉታል። እንዳይዘሉት። የሚወስዱበትን ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አማክር፤ ሾፌሩም በየሰዓቱ ገደማ እንዲያቆም ቀድመህ ተነጋገር። ሲቆም ወርደው ትንሽ ይራመዱ። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይገባም።

ባቡር ወዳዱ፦
እዚያ ድረስ ሄደው ወደ ኡቲ የሚወጣውን የኒልጊሪ ተራሮች ባቡር ሳያዩ ቢመለሱ ያስቆጫል! 1908 ላይ ኡቲ የደረሰ መስመር ነው፣ ከ2005 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጣም ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ሎኮሞቲቩ በሐዲዱ መሃል ያለውን ጥርስ እየቧጠጠ ነው የሚወጣው።

መንገደኛው፦
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፣ ግን ከተራራው ግርጌ ካለችው ሜቱፓላያም እስከ ኡቲ 46 ኪሎ ሜትሩን ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ወንበሩ ጠባብ፣ ፉርጎው ውስጥ መጸዳጃ የለ። የሚያሸና ክኒን ለሚወስዱ እናት አይሆንም። ባቡሩ ከተፈለገ መንገድ ላይ እስካለችው ኩኑር ከተማ በመኪና ወጥቶ ከዚያ እስከ ኡቲ ያለችውን አጭሯን ክፍል መሳፈር ይበቃል። ወረፋው ግን ብዙ ነው፣ ትኬት ቀደም ብሎ ነው።

ለኡቲም፣ ኮዳይካናል ለምትባለው ሌላዋ የተራራ ከተማም ከ2024 ጀምሮ ለመኪናው ኢ-ፓስ (በኢንተርኔት የሚወጣ የመግቢያ ፈቃድ) ማውጣት ያስፈልጋል። ሾፌሩ ማውጣቱን ሳታረጋግጥ እንዳትነሳ። ኡቲ ባለችበት በኒልጊሪ አውራጃ ውስጥ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስም ክልክል ስለሆነ ውሃ በፔርሙስ ያዙ።

የሳሌሙ፦
ለምን ኡቲ ብቻ ይባላል? ሳሌም ከተማ አጠገብ ያለውን፣ የርካድ የሚባለውን ተራራ ማንም አያነሳም። 1,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ቅዝቃዜው ልከኛ ነው። ከቼናይ ሳሌም በቀን ባቡር ከአራት እስከ አምስት ሰዓት፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል። ሃያ እጥፋት አለው፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ሐይቅ አላት። በየመንገዱ ቡና ነው፤ ጥላ በሚሆኑት ረጃጅም ዛፎች ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ተጠምጥሞ ታያለህ። አባትህ ቡና የሚያውቁ ሰው ከሆኑ ከመኪና ወርደው ቅጠሉን ሳይዳስሱ አያልፉም። ሌላ ብዙ የሚታይ ነገር የለም፣ ለእኔ ጥቅሙም ይኸው ነው። ለሽማግሌ ሰው ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት በረንዳ ከአምስት ፏፏቴ ይበልጣል።

የቼናይ ተማሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙን ጠየቅኩ፣ የሞራ ግርዶሽ ብቻ ነው፣ ጋዝ የለም፣ ጥር ላይ መሄድ ይችላሉ ብሎኛል። ወደ የርካድ አዘንብያለሁ። ሆቴሉን ሳስይዝ ምን ልጠይቅ? ጾም ላይ ከሆኑስ?

የሳሌሙ፦
መጀመሪያ፣ የውጭ ዜጋ ይቀበላሉ? ብለህ ጠይቅ። ፓስፖርትና ቪዛ አይተው ፎርም ሲ የሚባለውን ለመንግሥት መላክ አለባቸው፤ ይህን ሽሽት አንዳንድ ትንንሽ ማረፊያዎች ማታ በር ላይ ይመልሱሃል። የሁለቱንም ፓስፖርት ኮፒ ያዝ።

«ምድር ቤት ክፍል አለን» ሲሉህም አትመን። ተራራ ላይ ምድር ቤት ማለት አንዳንዴ ከመንገዱ ሠላሳ ደረጃ ወደ ታች ነው። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ክፍሉ በር ያለውን በቪዲዮ እንዲልኩልህ አድርግ። ሙቅ ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቅ። መጸዳጃው መቀመጫ ያለው ይሁን፣ የእማዬ ጉልበት ቁጢጥ አይችልም።

ጾሙ ቀላል ነው፣ ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል። ቅቤና ወተት ግን ሳይነግሩህ ይገባበታል። ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ) እና ሳምባር (የምስር ወጥ) ሲያዝዙ «ያለ ቅቤ» በል፣ ሻይውንም ያለ ወተት።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሳሌም ጣቢያ ላይ ዊልቸር እንዲዘጋጅ ቀድመህ ጠይቅ። እማዬ «እኔ እሄዳለሁ» ይሉሃል፣ አትስማቸው። የፕላትፎርሙ ደረጃ ረጅም ነው።