ለማኅበራችን ሥራ የትኛው ቴክኖሎጂ ይበጃል?

ጥያቄ፦ ከአንድ የማኅበር ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። መቶ ያህል አባላት ባሉት የነዋሪዎች ማኅበር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። የስብሰባ ጥሪውም፣ የመዋጮ ማስታወሻውም፣ ቃለ ጉባኤውም የሚተላለፈው በአንድ የዋትስአፕ ቡድን ስለሆነ ዋናው መልእክት በሰላምታና በጨዋታ መካከል ተውጦ ይቀራል። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባላት ደግሞ ከነጭራሹ ቡድኑ ውስጥ የሉም። የአባላት መዝገብና የሒሳብ ሰነዱ የሚገኙት በገንዘብ ያዣችን የግል ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ የራሳችን መተግበሪያ ይሠራልን የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ወጪው የሚያዋጣ ይመስላችኋል? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ብታማክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

መተግበሪያውን ለጊዜው ብታቆዩት እመርጣለሁ። የሚከብደው የማሠሪያው ገንዘብ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ የስልኮች ሥርዓተ ክወና (እንደ አንድሮይድ ያለው) በታደሰ ቁጥር መተግበሪያውም አብሮ መታደስ አለበት፣ የሠራው ባለሙያ ሌላ ሥራ ሲይዝ ደግሞ የሚጠግነው ሰው ይታጣል። አባላቱም ቢሆኑ በወር አንዴ ለሚወጣ ማስታወቂያ ሲሉ አዲስ መተግበሪያ መክፈትን ልማድ ያደርጉታል ብዬ አላምንም።

የመልእክቱ መዋጥ ግን ያለ ወጪ ይፈታል። በዋትስአፕ አስተዳዳሪዎች ብቻ የሚጽፉበት ሌላ ቡድን ይክፈቱና ጨዋታው በነባሩ ቡድን ይቀጥል። ቴሌግራም የሚመርጡ ከሆነ ቻናል ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ዘግይቶ የገባ አባልም የቀደሙትን ማስታወቂያዎች ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ ይችላል።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ። ይሁን እንጂ በላቲን ፊደል 160 ምልክቶች የሚይዘው አንድ መልእክት በእኛ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከዚያ ሲያልፍ እያንዳንዳቸው 67 ምልክት በሚይዙ ክፍሎች ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ሒሳቡም አብዛኛውን ጊዜ በክፍሎቹ ብዛት ይታሰባል። ባዶ ቦታ እንኳ ይቆጠራል። «የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት» ብለው ቢጀምሩ ከ70ው 20ው በአክብሮት አለቀ ማለት ነው (እኛ ደግሞ አክብሮት እንወዳለን)። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጉዳዩን ብቻ ይጻፉ።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን መዝገቡ ነው። ገንዘብ ያዡ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆኑ ኮምፒውተራቸው ሊበላሽ ወይም ሊሰረቅ ይችላል። በማኅበሩ ስም የተለየ የኢሜይል አድራሻ ክፈቱና ሰነዶቹን በዚያው የጋራ ማከማቻ ውስጥ አኑሯቸው። እንደ ጉግል ሺትስ ያሉ የጋራ ሠንጠረዦች የቀድሞ ይዘታቸውን ስለሚያስቀምጡ ሳይታወቅ የተሰረዘ ቁጥር ቢኖር መመለስ ይቻላል። የማረም ፈቃድ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ብቻ ይሰጥ፤ የተቀሩት የኮሚቴ አባላት ማንበብ ይበቃቸዋል። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚገኘው ኮድ) በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ ከተመዘገበ ያ ሰው ኃላፊነቱን ሲለቅ ማኅበሩ ከገዛ ሰነዱ ውጭ ሊቆለፍበት ይችላል። ስለዚህ ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ የሚያገለግሉትን የመጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ከማኅተሙ ጋር አስቀምጡ።

መዋጮ ያልከፈሉትን ስም በቡድኑ ላይ መለጠፍም ይቅርባችሁ። አንዴ የተለጠፈ ዝርዝር በስክሪን ቅጂ የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

መልስ 3

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከኮሚቴው ወደ አባላቱ ስለሚሄድ መረጃ ነው። እኔ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው መረጃ ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 በኬንያ የተጀመረው ኡሻሂዲ የተባለ የኢንተርኔት መድረክ ከምርጫ በኋላ የተነሣውን ሁከት በሚመለከት ተራ ሰዎች በስልክ መልእክትና በድረ ገጽ የላኩትን ጥቆማ በካርታ ላይ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታም በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስሎችን እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕራንስን መንገዶች ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ስለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አድርሰዋል። የእርስዎ ማኅበር ይህን ያህል መራቀቅ አያስፈልገውም፤ የፈሰሰ ቧንቧ ወይም የጠፋ የመንገድ መብራት የሚጠቆምበት አንድ የስልክ ቁጥርና አጭር ቅጽ ይበቃዋል። ነገር ግን ጥቆማውን ተቀብሎ የሚያጣራና ለጠቋሚው መልስ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ ባይጀመር ይሻላል፤ ሁለት ጊዜ ጠቁሞ ምላሽ ያጣ አባል ሦስተኛ ጊዜ አይጠቁምም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ማንበብ የማይችሉና ስማርት ስልክም የሌላቸው ጥቂት አባላት አሉን። ለእነርሱስ ምን ይደረግ?

መልስ 1

ጥቂት ከሆኑ የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ የስልክ ሥርዓት መግዛት አያስፈልግም። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ሦስት ወይም አራት ሰው ተከፋፍሎ ይደውል፤ የደወለውም መዝገቡ ላይ «ደርሷል» ብሎ ምልክት ያድርግ፤ ያልተገኘውን ሰው በማግሥቱ ሌላ ይሞክረው።